የዓረብኛ ፊደላት አጻጻፍ ትምህርት

የዓረብኛ ፊደላት አጻጻፍ ትምህርት ሕፃናትና ጀማሪዎች 28ቱን የዓረብኛ ፊደላት ለይተው እንዲያውቁ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያያያዙ እንዲጽፉ፣ በመጨረሻም የሰሙትን ቃል በትክክል በጽሑፍ እንዲያሰፍሩ የሚሰጥ መሠረታዊ ትምህርት ነው። ትምህርቱ ዓረብኛ በሚነገርባቸው አገሮች በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በሌሎች አገሮች ደግሞ በመድረሳዎች፣ በቁርአን ቤቶችና በቋንቋ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል።

ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰሙት «እያንዳንዱ ፊደል አራት መልክ አለው» የሚለውን ነው። 28 በ4 ሲባዛ 112 ስለሚሆን፣ ተማሪው ከመቶ በላይ ሥዕሎችን በቃሉ መያዝ ያለበት ይመስለዋል። ፊደላቱ ግን በእርግጥ የተዋቀሩት ከ18 መሠረታዊ ቅርጾች፣ ከጥቂት ነጥቦችና ከአንድ የመያያዝ ሕግ ነው። እነዚህን ሦስት ነገሮች በቅደም ተከተል የተማረ ሰው አራቱን መልኮች ለየብቻ ማጥናት አያስፈልገውም።

የጽሕፈቱ ዋና ዋና ጠባዮች

የዓረብኛ ጽሕፈት ከግዕዝ ፊደልም ሆነ ከላቲን ፊደል በሚከተሉት ነገሮች ይለያል።

• የሚጻፈውና የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። የመጽሐፍ ሽፋንም ለአማርኛ አንባቢ የኋላው በሚመስለው በኩል ይገኛል።
• ፊደላቱ በኅትመትም ሆነ በእጅ ጽሕፈት እርስ በርስ ተያይዘው ይጻፋሉ። በላቲን ፊደል እንዳለው ለይቶ መጻፍ በዓረብኛ አማራጭ አይደለም፤ ስሕተት ነው።
• ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል ልዩነት የለም።
• 28ቱም ፊደላት ተነባቢዎች ናቸው። ከእነርሱ መካከል አሊፍ፣ ዋውና ያ ረጃጅም አናባቢዎችን ለማመልከትም ያገለግላሉ። አጫጭር አናባቢዎች ከፊደሉ በላይ ወይም በታች በሚደረጉ ትንንሽ ምልክቶች ይታወቃሉ፤ በተራ ጽሑፍ ግን ምልክቶቹ አብዛኛውን ጊዜ አይጻፉም።

ተነባቢዎችን ብቻ የሚጽፍ እንዲህ ያለ ሥርዓት በቋንቋ ጥናት «አብጀድ» ይባላል። ስያሜው የመጣው አሊፍ፣ ባ፣ ጂም፣ ዳል ከሚለው ጥንታዊ የፊደላቱ ቅደም ተከተል ነው። በአማርኛ የፊደል ትምህርት የታወቀው «አቡጊዳ» የሚለው ተራም በዚሁ ጥንታዊ ሴማዊ ቅደም ተከተል አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እያለ ይሄዳል። በአሁኑ ጊዜ የዓረብኛ መማሪያዎች የሚከተሉት ግን ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸውን ፊደላት ጎን ለጎን የሚያስቀምጠውን አሊፍ፣ ባ፣ ታ፣ ሣ የሚለውን ተራ ነው። ይህ ተራ ለጽሕፈት ትምህርት የበለጠ ይመቻል።

የነጥቦቹ አመጣጥ

የዓረብኛ ፊደል የወጣው ናባታውያን የአራማይክን ቋንቋ ይጽፉበት ከነበረው ፊደል ነው። በደቡብ ሶርያ የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ328 የተጻፈው የናማራ የመቃብር ጽሑፍ ቋንቋው ዓረብኛ፣ ፊደሉ ግን የናባታውያን ነው።

የናባታውያን ፊደል 22 ሆሄያት ብቻ ነበሩት። ዓረብኛ ግን 28 ተነባቢ ድምፆች አሉት። በዚያ ላይ ጽሕፈቱ በፍጥነት እየተያያዘ ሲሄድ አንዳንድ ፊደላት መልካቸው ተቀራርቦ እስከ መመሳሰል ደረሰ። በዚህ ምክንያት አንድ ቅርጽ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ድምፆችን መወከል ጀመረ። ችግሩ የተፈታው ነጥብ በመጨመር ነው። እ.ኤ.አ. በ643 በግብፅ በፓፒረስ ላይ የተጻፈ አንድ ደረሰኝ በአንዳንድ ፊደላቱ ላይ ነጥብ ስላለው፣ ነጥብ በእስልምና የመጀመሪያ ዘመናት ይታወቅ እንደነበረ ያሳያል።

የአናባቢ ምልክቶች የተለየ ታሪክ አላቸው። በትውፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት አቡል አስወድ አድ-ዱአሊ አናባቢን በቀለም በተለዩ ነጥቦች ማመልከት እንደ ጀመሩ ይነገራል። ዛሬ የምናያቸውን ምልክቶች ያስተካከሉት ደግሞ በ8ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት የሰዋስው ሊቅ አል-ኸሊል ኢብን አሕመድ አል-ፈራሂዲ እንደሆኑ ይታመናል።

ይህ ታሪክ ለተማሪም ጠቃሚ ነው። ነጥብ የፊደሉ ጌጥ ሳይሆን የፊደሉ ማንነት መለያ መሆኑን ያስረዳልና።

የፊደላቱ ቤተሰቦች

28ቱ ፊደላት ለብቻቸው ሲጻፉ በቅርጻቸው በሚከተሉት 18 ቤተሰቦች ይመደባሉ።

1. አሊፍ፦ ቀጥ ያለ ቁም መስመር ነው።
2. ባ፣ ታ፣ ሣ፦ ጥልቀት የሌለው ሳሕን ይመስላሉ። ባ ከሥር አንድ፣ ታ ከላይ ሁለት፣ ሣ ከላይ ሦስት ነጥብ አላቸው።
3. ጂም፣ ሓ፣ ኻ፦ አጭር አግድም ራስና ወደ ቀኝ የተከፈተ ትልቅ ሆድ አላቸው። ጂም ሆዱ ውስጥ አንድ ነጥብ፣ ኻ ከላይ አንድ ነጥብ አለው፤ ሓ ነጥብ የለውም።
4. ዳል፣ ዛል፦ ወደ ግራ የተከፈተ ማዕዘን ይመስላሉ። ዛል ከላይ አንድ ነጥብ አለው።
5. ራ፣ ዛይ፦ ከመስመሩ በታች ወደ ግራ የሚወርድ ጎባጣ ጭረት ናቸው። ዛይ ከላይ አንድ ነጥብ አለው።
6. ሲን፣ ሺን፦ ጥርስ መሰል ጭረቶችና ከእነርሱ ቀጥሎ ሆድ አላቸው። ሺን ከላይ ሦስት ነጥብ አለው።
7. ሷድ፣ ዷድ፦ ሞላላ ዙር፣ ትንሽ ጥርስና ሆድ አላቸው። ዷድ ከላይ አንድ ነጥብ አለው።
8. ጧ፣ ዟ፦ በሞላላ ዙር ላይ የቆመ ቁም መስመር ናቸው። ዟ ከላይ አንድ ነጥብ አለው።
9. ዐይን፣ ገይን፦ ትንሽ የተከፈተ ራስና ከሥሩ ትልቅ ሆድ አላቸው። ገይን ከላይ አንድ ነጥብ አለው።
10. ፋ፦ ትንሽ ክብ ራስና ረጅም ጠፍጣፋ ጅራት፤ ከላይ አንድ ነጥብ።
11. ቃፍ፦ ትንሽ ክብ ራስና ከመስመሩ የሚወርድ ጥልቅ ሆድ፤ ከላይ ሁለት ነጥብ።
12. ካፍ፦ ቁም መስመርና ጠፍጣፋ መሠረት፤ ለብቻው ሲሆን በውስጡ ትንሽ ምልክት አለው።
13. ላም፦ ረጅም ቁም መስመር ሆኖ ከታች ወደ ግራ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል።
14. ሚም፦ ትንሽ ክብ ራስና ወደ ታች የሚወርድ ጅራት።
15. ኑን፦ ጥልቅ ሳሕን፤ ከላይ አንድ ነጥብ።
16. ሃ፦ ለብቻው ሲሆን ትንሽ ዙር።
17. ዋው፦ ክብ ራስና ወደ ታች የሚታጠፍ ጅራት።
18. ያ፦ የዳክዬ ቅርጽ የሚመስል ጥምዝ፤ ከሥር ሁለት ነጥብ።

ከ28ቱ 15ቱ ነጥብ አላቸው፤ 13ቱ የላቸውም። በቃል መነሻና መካከል ኑንና ያ ወደ ባ ቤተሰብ፣ ቃፍም ወደ ፋ ቅርጽ ስለሚገቡ መሠረታዊዎቹ ቅርጾች ወደ 15 ዝቅ ይላሉ።

የነጥብ ቦታ ከአገር አገር የሚለያይበት ጊዜም አለ። በጥንታዊው የመግሪብ (የሰሜን ምዕራብ አፍሪካ) አጻጻፍ ፋ ነጥቡ ከሥር ሲሆን ቃፍ ከላይ አንድ ነጥብ ብቻ አለው። በግብፅ ኅትመቶች ደግሞ በቃል መጨረሻ የሚመጣው ያ ብዙ ጊዜ ያለ ነጥብ ይታተማል።

አንድ ነጥብ የሚያመጣው ለውጥ

በዓረብኛ «በይት» ማለት ቤት ነው፤ ከአማርኛው «ቤት» ጋር ዘመዳሞች ናቸው። «ቢንት» ማለት ደግሞ ሴት ልጅ ነው። የመጀመሪያው ባ፣ ያ፣ ታ ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለተኛው ባ፣ ኑን፣ ታ። ነጥቦቹ ቢነሱ የሁለቱ ቃላት ቅርጽ ፍጹም አንድ ነው፤ ሁለት ትንንሽ ጥርሶችና አንድ ሳሕን። በመካከለኛው ጥርስ ሥር ሁለት ነጥብ ሲደረግ ቤት፣ በላዩ አንድ ነጥብ ሲደረግ ሴት ልጅ ይሆናል። ኑን ወደ መጀመሪያ፣ ባ ወደ መካከል ቢዛወሩ ደግሞ «ነበተ» ማለትም በቀለ የሚል ቃል ይወጣል።

ስለዚህ «ነጥቡን በኋላ አደርጋለሁ» ብሎ የረሳ ተማሪ የጻፈው የተበላሸ ቃል ሳይሆን ምናልባት ሌላ ቃል ነው። መምህራን ሕፃናትን ከመጀመሪያው ጀምሮ የነጥቡን ቁጥርና ቦታ ጮክ ብለው እንዲናገሩ የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ «ባ፣ ከሥር አንድ፤ ታ፣ ከላይ ሁለት» እያሉ።

የመያያዝ ሕግ

ከ28ቱ ፊደላት 22ቱ ከቀዳሚያቸውም ሆነ ከተከታያቸው ጋር ይያያዛሉ። ስድስቱ ግን ከቀዳሚያቸው (ከቀኛቸው) ጋር ብቻ እንጂ ከተከታያቸው (ከግራቸው) ጋር አይያያዙም። እነርሱም አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራ፣ ዛይና ዋው ናቸው። ጀማሪው በቃሉ መያዝ ያለበት ዋናው ዝርዝር ይህ ነው።

አራቱ መልኮች ማለትም ነጠላ፣ መነሻ፣ መካከለኛና መድረሻ የዚህ ሕግ ውጤቶች ናቸው። ፊደሉ ከተከታዩ ጋር ሲያያዝ ሆዱ ወይም ጅራቱ ይቆረጥና ራሱ ብቻ ይቀራል። በመጨረሻ ሲሆን ሆዱ ይመለሳል። ለምሳሌ ሲን በቃል መነሻ ጥርሶቹ ብቻ ይታያሉ፤ በመጨረሻ ግን ሙሉ ሆዱን ይዞ ይወጣል። ስድስቱ የማይያያዙ ፊደላት ሁለት ሁለት መልክ ብቻ አላቸው። ጧና ዟ በአራቱም ቦታ ብዙ አይለወጡም። በእርግጥ የሚለወጡትና ልዩ ልምምድ የሚፈልጉት ዐይን፣ ገይን፣ ካፍና ሃ ናቸው። የዐይን ራስ በመነሻ የተከፈተ አፍ ይመስላል፤ በመካከል ግን ተዘግቶ ትንሽ ቋጠሮ ይሆናል።

ሕጉ በሚከተሉት ቃላት ይታያል።

• «ዳር» (መኖሪያ ቤት)፦ ዳል፣ አሊፍ፣ ራ። ሦስቱም ከተከታያቸው ጋር ስለማይያያዙ ቃሉ ሦስት የተለያዩ ቁራጮች ይሆናል።
• «ባብ» (በር)፦ ባ ከአሊፍ ጋር ይያያዛል፤ አሊፍ ግን ወደ ፊት ስለማይያያዝ የመጨረሻው ባ ለብቻው ይቆማል።
• «ኪታብ» (መጽሐፍ)፦ ካፍ፣ ታና አሊፍ አንድ ላይ፣ ባ ለብቻው።
• «መድረሳ» (ትምህርት ቤት)፦ ሚምና ዳል አንድ ላይ፣ ራ ለብቻው፣ ሲንና ታ መርቡጣ አንድ ላይ።

ከዚህ እንደሚታየው በቃሉ መጨረሻ የሚገኝ ፊደል ሁልጊዜ የመድረሻ መልክ አይኖረውም። መልኩን የሚወስነው በቃሉ ውስጥ ያለው ተራ ሳይሆን ከፊቱ የቀደመው ፊደል ነው። በ«ባብ» እና በ«ኪታብ» የመጨረሻው ባ ነጠላ መልክ የያዘው ለዚህ ነው። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ከሕጉ ጋር አብረው የሚጠኑ ሦስት ተጨማሪ ነገሮች አሉ። ላም በአሊፍ ሲከተል ሁለቱ ልዩ ጥምር ቅርጽ ይሠራሉ፤ ለየብቻ አይጻፉም። ታ መርቡጣ በቃል መጨረሻ ብቻ የሚመጣ፣ የሃ ቅርጽና ከላይ ሁለት ነጥብ ያለው ምልክት ነው። ሃምዛ ደግሞ ለብቻው፣ ወይም በአሊፍ፣ በዋውና በያ ላይ ተቀምጦ የሚጻፍ ትንሽ ምልክት ሲሆን፣ የአቀማመጡ ሕግ ረዘም ስለሚል ለጀማሪ ወደ ኋላ ይቆያል።

የእጅ አካሄድ

መጀመሪያ የቃሉ ወይም የተያያዘው ክፍል አካል በአንድ ጉዞ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ነጥቦቹ ከቀኝ ወደ ግራ ይደረጋሉ፤ የአናባቢ ምልክቶች በመጨረሻ ይመጣሉ። በየፊደሉ እየቆሙ ነጥብ ማድረግ እጅን ያቋርጣል፤ ፊደላቱም ተለያይተው እንዲቀሩ ያደርጋል።

አሊፍ ለብቻው ሲሆን ከላይ ወደ ታች ይሳባል፤ ከቀዳሚው ጋር ሲያያዝ ግን እጁ ከመስመሩ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። በጧና በዟ መጀመሪያ ሞላላው ዙር፣ ቀጥሎ ቁሙ መስመር ይጻፋል።

ሁሉም ፊደላት በአንድ መስመር ላይ አይቀመጡም። አሊፍ፣ የባ ቤተሰብ፣ ዳልና ዛል፣ ጧና ዟ፣ ፋ፣ ካፍና ሃ በመስመሩ ላይ ያርፋሉ። ራ፣ ዛይ፣ ዋው እንዲሁም የሌሎቹ ፊደላት ሆድና ጅራት ከመስመሩ በታች ይወርዳሉ። አማርኛ መጻፍ የለመደ ሰው ፊደላቱን በሙሉ በእኩል ቁመት መስመር ላይ ሊደረድራቸው ይሞክራል። እንዲህ ሲሆን ራ ዳልን፣ ዋውም ፋን መምሰል ይጀምራሉ። ስለዚህ ለጀማሪ ጎልቶ የተሰመረ የመቀመጫ መስመር ያለው ደብተር ይመከራል።

በቀኝ እጅ የሚጽፍ ሰው እጁ አሁን በጻፈው ላይ ስለሚያልፍ እርጥብ ቀለም ሊያበላሽ ይችላል። ከእጅ ሥር ንጹሕ ወረቀት ማድረግ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ በእርሳስ መጻፍ መፍትሔ ነው። በግራ እጅ ለሚጽፉ ሕፃናት አቅጣጫው ይመቻቸዋል።

የአናባቢ ምልክቶች

ለሕፃናትና ለጀማሪዎች በሚዘጋጁ መጻሕፍት የሚከተሉት ምልክቶች ሙሉ በሙሉ ይጻፋሉ።

• ፈትሓ፦ ከፊደሉ በላይ አጭር ሰያፍ ጭረት። ባ ላይ ሲሆን ወደ «በ» የሚጠጋ ድምፅ ይሰጣል።
• ከስራ፦ ከፊደሉ በታች አጭር ሰያፍ ጭረት፤ አጭር «ቢ»።
• ዶማ፦ ከፊደሉ በላይ ትንሽ ዋው፤ አጭር «ቡ»።
• ሱኩን፦ ከፊደሉ በላይ ትንሽ ክብ። አናባቢ እንደሌለ ያሳያል፤ በአማርኛ «ቤት» ውስጥ እንዳለችው «ት» ማለት ነው።
• ሸዳ፦ ፊደሉ እንደሚጠብቅ የሚያሳይ ምልክት።
• ተንዊን፦ ፈትሓ፣ ከስራ ወይም ዶማ ሁለት ጊዜ ሲጻፍ በቃሉ መጨረሻ የ«ን» ድምፅ ይጨምራል።

ረጅም አናባቢ ሲሆን ከምልክት አልፎ ፊደል ይጻፋል፤ ለረጅም «ባ» አሊፍ፣ ለረጅም «ቢ» ያ፣ ለረጅም «ቡ» ዋው ይጨመራል።

ምልክቶቹ ሲቀሩ ምን እንደሚሆን የካፍ፣ ታ፣ ባ ጥምረት ያሳያል። ሦስቱ ፊደላት ያለ ምልክት ሲጻፉ «ከተበ» (ጻፈ)፣ «ኩቲበ» (ተጻፈ) ወይም «ኩቱብ» (መጻሕፍት) ተብለው ሊነበቡ ይችላሉ። አንባቢው የሚወስነው ከዓረፍተ ነገሩ ነው። በአማርኛ «አለ» የሚለውን ቃል አላልቶ ወይም አጥብቆ ለማንበብ ዐውዱን እንደሚያይ ሁሉ ማለት ነው።

በሶማሌ ሕዝብ ዘንድ ሕፃናት የአናባቢ ምልክቶችን በሶማልኛ ስሞች እያዜሙ የሚማሩበት ነባር ዘዴ አለ። ትውፊቱ ዘዴውን አው በርኸድሌ በሚል ስም ከሚታወቁት ከሼኽ ዩሱፍ አል-ከውነይን ጋር ያያይዘዋል።

ለአማርኛ ተናጋሪ የሚቀለውና የሚከብደው

አማርኛና ዓረብኛ ሁለቱም ሴማዊ ቋንቋዎች ስለሆኑ አንዳንዱ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ ቀላል ነው። «ቀልብ» (ልብ) እና «ከልብ» (ውሻ) በዓረብኛ በቃፍና በካፍ ይለያሉ። ቀ እና ከ በአማርኛ የተለዩ ስለሆኑ ተማሪው አይቸገርም፤ «ቀልብ»ንም ከአማርኛ ያውቀዋል። ሸዳም ማጥበቅና ማላላትን ለሚያውቅ ጆሮ አዲስ አይደለም። «ደረሰ» አጠና፣ ሩ ጠብቆ «ደርረሰ» ሲሆን አስተማረ ማለት ነው፤ «መድረሳ» የሚለው ቃልም የመጣው ከዚሁ ሥር ነው።

የሚከብደው በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐና ኀ በጥንቱ ግዕዝ የተለያዩ ድምፆች ነበሩ፤ በአማርኛ ግን አንድ ሆነዋል። በዓረብኛ ሃ፣ ሓና ኻ እስከ ዛሬ የተለያዩ ናቸው። ሁለት የተለያዩ ቃላት «ሀረም» ተብለው በአማርኛ ሊጻፉ ይችላሉ፤ በዓረብኛ ግን በሃ ሲጻፍ ፒራሚድ፣ በሓ ሲጻፍ የተከበረ ቅዱስ ስፍራ ማለት ነው። አሊፍና ዐይንም እንዲሁ ናቸው። ትግርኛ ተናጋሪዎች ሐንና ዐን ለይተው ስለሚናገሩ በዚህ ረገድ ይቀልላቸዋል።

ሌላው ልዩነት በአማርኛ አናባቢው በፊደሉ ውስጥ መሆኑ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ጀማሪ እያንዳንዱን አጭር አናባቢ በአሊፍ፣ በዋው ወይም በያ ለመጻፍ ይፈተናል። «ከተበ» ለማለት ከእያንዳንዱ ፊደል ቀጥሎ አሊፍ መጨመር የተለመደ ስሕተት ነው። መፍትሔው አጭሩንና ረጅሙን ድምፅ በጆሮ ለይቶ መለማመድ ነው፤ ለአጭሩ ምልክት፣ ለረጅሙ ብቻ ፊደል።

በመጨረሻም የሚጻፍ ነገር ግን የማይነበብ ፊደል አለ። «አል» የሚለው መስተአምር እንደ ሺን ባሉ 14 «የፀሐይ ፊደላት» ፊት ሲመጣ ላሙ አይሰማም። «አሽ-ሸምስ» (ፀሐይ) ሲባል የሚሰማው ሺን ብቻ ቢሆንም አሊፍና ላም ሁለቱም መጻፍ አለባቸው። በቀሩት 14 «የጨረቃ ፊደላት» ፊት ግን ላሙ ይሰማል፤ «አል-ቀመር» (ጨረቃ) እንደሚባለው።

የትምህርቱ ቅደም ተከተል

በልምድ የተረጋገጠ አንድ የአሠራር መንገድ እንደሚከተለው ነው።

1. አቅጣጫና እጅ፦ ከቀኝ ወደ ግራ መስመር፣ ሳሕን፣ ጥርስና ዙር መሳል። ለሕፃናት በአሸዋ ላይ በጣት መጻፍ ይረዳል።
2. አንድ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ፦ የባን ቅርጽ ከተማሩ በኋላ ነጥብ በመቀየር ብቻ ታና ሣን መጨመር።
3. ወዲያው ማያያዝ፦ 28ቱ ፊደላት እስኪያልቁ ሳይጠብቁ በተማሯቸው ፊደላት አጫጭር ቃላት መጻፍ። አሊፍና ባ የተማረ ልጅ «ባብ»ን መጻፍ ይችላል።
4. ስድስቱን የማይያያዙ ፊደላት በቃል መያዝ፤ በእነርሱም የተቆራረጡ ቃላትን መለማመድ።
5. የአናባቢ ምልክቶችን በአንድ ፊደል ላይ፣ ከዚያም በቃል ላይ ማድረግ።
6. ነጥብ የሌለው ቃል ተሰጥቶ ነጥቡን እንዲሞሉ ማድረግ። «በይት»ና «ቢንት»ን የመሰሉ ጥንዶች ለዚህ ይመቻሉ።
7. ኢምላ (ቃል ጽሕፈት)፦ መጀመሪያ እያዩ መገልበጥ፣ ቀጥሎ አይተው ሸፍነው መጻፍ፣ በመጨረሻ ሰምተው መጻፍ።

ሦስተኛው ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ፊደላቱን ለወራት በነጠላ መልካቸው ብቻ የጻፈ ልጅ ቃል ሲያይ የሚያውቃቸው ፊደላት ጠፍተውበት እንደ አዲስ ይጀምራል። ስሙን በቶሎ ተያይዞ እንዲጽፍ የተደረገ ልጅ ግን ነጠላውንና ተያያዡን እንደ አንድ ፊደል ያያቸዋል።

የጽሕፈት ዓይነቶች

በመማሪያ መጻሕፍትና በአብዛኛው ኅትመት የሚገኘው «ነስኽ» የተባለው ጽሕፈት ነው፤ ለጀማሪም የሚሰጠው እርሱ ነው። በብዙ የምሥራቅ ዓረብ አገሮች ግን ሰዎች በዕለታዊ የእጅ ጽሕፈት «ሩቅዓ» የተባለውን ፈጣን ዓይነት ይጠቀማሉ። በሩቅዓ ሁለት ነጥብ አንድ አጭር ጭረት ይሆናል፤ ሦስት ነጥብ ትንሽ ማዕዘን ይሆናል፤ የሲን ጥርሶችም ጠፍተው ቀጥ ያለ መስመር ይቀራል። መጽሐፍ ማንበብ የሚችል ጀማሪ የሰው እጅ ጽሕፈት ማንበብ ሲያቅተው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

የፊደላቱን መጠን በብዕር ነጥብ የመለካት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ940 ከሞቱት የባግዳድ ቪዚርና ቁም ጸሐፊ ከኢብን ሙቅላ ጋር ተያይዞ ይነሣል። የቁም ጽሕፈት ተማሪዎች ዛሬም የአሊፍን ቁመትና የሆዶችን ስፋት በነጥብ ይለካሉ።

ቁጥሮች

በሰሜን ምዕራብ አፍሪካ የዓረብ አገሮች በዓለም የተለመዱት አኃዞች ያገለግላሉ። በግብፅና በምሥራቁ በኩል ግን ሌላ መልክ ያላቸው አኃዞችም ይጻፋሉ። ለጀማሪ የሚያሳስቱት በተለይ ሦስት ናቸው፤ ዜሮ ነጥብ ናት፣ አምስት ክብ ሆና ዜሮን ትመስላለች፣ ስድስት ደግሞ 7ን ትመስላለች። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ቢሄድም የቁጥር አኃዞች ከፍተኛው በግራ ሆኖ ይሰለፋሉ፤ ስለዚህ 25 በዓረብኛ ጽሑፍ ውስጥም 2 በግራ፣ 5 በቀኝ ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የዓረብኛ ፊደል ከእስልምና ትምህርት ጋር ለረጅም ዘመን ሲሰጥ ቆይቷል። በቁርአን ቤቶች ተማሪዎች «ሉህ» በተባለ የእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም ይጽፋሉ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ሰሌዳው ታጥቦ ለሚቀጥለው ይዘጋጃል። «ቀለም» በዓረብኛ መጻፊያው ብዕር ሲሆን በአማርኛ የሚጻፍበት ፈሳሽ ነው። «ክታብ» የሚለው የአማርኛ ቃልም «ኪታብ» ከሚለው ጋር የሥር ዝምድና አለው።

ፊደሉ የዓረብኛ ቋንቋ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የአገር ቋንቋን በዓረብኛ ፊደል መጻፍ «ዓጀሚ» ይባላል። በሐረር የሐረሪ ቋንቋ፣ በወሎ ደግሞ የአማርኛ መንዙማዎች በዓጀሚ ተጽፈዋል። ከአማርኛ ዓጀሚ ጸሐፊዎች መካከል የወሎው ሼኽ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር ይታወቃሉ።

ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ ለሚሄዱ ኢትዮጵያውያን የፊደሉ ዕውቀት የዕለት ኑሮ ጉዳይ ነው። የመድኃኒት መመሪያ፣ የመንገድ ምልክት፣ የሥራ ውልና የመኖሪያ ፈቃድ በዓረብኛ ይጻፋሉ። ዓረብኛ ለጨ፣ ለጰ፣ ለፐና ለኘ የራሱ ፊደል ስለሌለው እነዚህ ድምፆች ያሉበት ስም በሁለት ሰነዶች ላይ በተለያየ ፊደል ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው ስሙ በመጀመሪያው ሰነዱ ላይ እንዴት እንደ ተጻፈ ማወቁና ያንኑ አጻጻፍ በሌሎቹ ላይ ማመሳከር መቻሉ ይጠቅመዋል።

በኮምፒዩተር

ዩኒኮድ በተባለው የፊደላት መለያ ሥርዓት ዓረብኛ ከመጀመሪያው የ1991 (እ.ኤ.አ.) እትም ጀምሮ ይገኛል፤ የኢትዮጵያ ፊደል የተጨመረው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሁለቱ የተመዘገቡበት መንገድ ይለያያል። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መለያ ቁጥር አላቸው። የዓረብኛው ባ ግን በመነሻም፣ በመካከልም፣ በመድረሻም የሚተየበው በአንድ ቁጥርና በአንድ ቁልፍ ነው፤ ከጎረቤቶቹ አንጻር ተገቢውን መልክ የሚመርጠው ፕሮግራሙ ነው። ለቀድሞ ሥርዓቶች ሲባል ለየመልኩ የተመዘገቡ ቁጥሮችም አሉ፤ ለተራ ጽሑፍ ግን አይመከሩም።

ይህን የማያውቅ የኅትመት ወይም የንድፍ ፕሮግራም ፊደላቱን ነጣጥሎ፣ አንዳንዴም ከግራ ወደ ቀኝ ገልብጦ ያወጣቸዋል። በተለያዩ አገሮች በማስታወቂያዎችና በልብስ ላይ ተበጣጥሰው የሚታዩ የዓረብኛ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ የዚህ ውጤት ናቸው። ስድስቱን የማይያያዙ ፊደላት የሚያውቅ ጀማሪ ቃሉን ማንበብ ባይችል እንኳ እንዲህ ያለውን ስሕተት ሊለይ ይችላል፤ ከስድስቱ አንዱ ሳይቀድም በቃሉ መካከል የተለያየ ፊደል ካየ፣ ጽሑፉ ተበላሽቷል።